ስሙ ባሎት ላይ ያልታተመ እጩ ሲመርጡ ድምፅዎ እንዳይባክን፦ ከዝግጅት እስከ ስካነር

እጩው ባሎቱ (የድምፅ መስጫ ወረቀቱ) ላይ ካልታተመ ስሙን በእጅ ጽፎ መምረጥ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ራይት-ኢን የሚሉት ይህንን ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን በየምርጫው ስሙን አሳምሮ ጽፎ ድምፁ ሳይቆጠርለት የሚቀር ሰው አለ። ባሎቱ ሲረዝም ደግሞ ይብሳል። ከፕሬዚዳንት እስከ ትምህርት ቤት ቦርድ፣ ከዳኛ እስከ ውሃ አስተዳደር በሁለት ገጽ ተደርድሮ ሲመጣ የሚጽፉበትን መስመር ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

በ2004 በሳንዲያጎ የከንቲባ ምርጫ የሆነውን ልብ ይበሉ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የከተማው ምክር ቤት አባል ዶና ፍራይ ስሟ ሳይታተም ተወዳደረች። በ2,108 ድምፅ ተሸነፈች። ስሟ ተጽፎባቸው ያልተቆጠሩ ከ5,500 በላይ ባሎቶች ግን ነበሩ። መራጮቹ ስሟን ጽፈዋል፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክብ ግን አላጠቆሩም። የካሊፎርኒያ ሕግ ክቧ መጥቆር አለባት ይል ስለነበር ድምፁ ቀረ። እነዚያ ወረቀቶች ቢቆጠሩ ኖሮ ውጤቱ በተገለበጠ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህን ይያዙ፦ ለማሽኑ ድምፅዎ የጠቆረችው ክብ ናት። ስሙ ድምፁ የማን እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። ይህ መመሪያ የአሜሪካ ዜግነት ላላቸው ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ይዘው በፌዴራል ምርጫ አይምረጡ፤ መራጭ ሆነውም አይመዝገቡ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «መራጭ ሆነው ይመዝገቡ?» ተብለው ቢጠየቁ እንኳ እንቢ ይበሉ። ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። አንዳንድ ከተሞች፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ፣ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን በከተማ ምርጫ ያስመርጣሉ። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

## ደረጃ 1፦ ጽሑፉ የሚቆጠር መሆኑን ያረጋግጡ

ይህን ቢያንስ ከምርጫው ሦስት ሳምንት በፊት ይጨርሱ። ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። ሚኒሶታ ያለ ዘመድ የነገረዎት ቴክሳስ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ራይት-ኢን ጨርሶ የሌለባቸው ግዛቶች አሉ። ሃዋይ፣ ኔቫዳ፣ ኦክላሆማ፣ ሉዊዚያናና ደቡብ ዳኮታ ከነዚህ ናቸው። የሃዋይን ክልከላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 አጽንቶታል። እዚያ ከሆኑ ባሎቱ ላይ መስመር አይፈልጉ፤ የለም። ጠርዙ ላይ ስም ቢጽፉ ወረቀቱን ያበላሹ ይሆናል እንጂ ለማንም አይቆጠርም።

በፕራይመሪ (ለጠቅላላ ምርጫው እጩዎች በሚለዩበት የመጀመሪያ ዙር) የማይቻልባቸው ቦታዎች አሉ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ በኅዳሩ (በኖቬምበር) ጠቅላላ ምርጫ ይፈቅዳል፤ በፕራይመሪ ግን አይፈቅድም። ካሊፎርኒያ ደግሞ የተገላቢጦሽ የሚመስል ነገር አላት። ለኮንግረስና ለግዛት ሥልጣኖች በፕራይመሪው መጻፍ ይቻላል። በኅዳር ግን ከፕራይመሪው ያለፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚቀርቡት፤ ለእነዚህ ቦታዎች የተጻፈ ስም አይቆጠርም።

እጩው የተመዘገበ መሆን አለበት። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በብዙ ግዛቶች፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ካሊፎርኒያን ጨምሮ፣ የሚቆጠረው አስቀድሞ «ራይት-ኢን እጩ ነኝ» ብሎ ወረቀት ላስገባ ሰው ብቻ ነው። ላልተመዘገበ ሰው የተጻፈ ስም ባዶ እንደመተው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ለየት ትላለች፦ እዚያ አስቀድሞ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ግን አሸናፊ መባል የሚፈልግ ሰው ምርጫው እንዳለቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማረጋገጫ ማስገባት አለበት።

ለካውንቲዎ የምርጫ ቢሮ ይደውሉና እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦

1. ለዚህ ሥልጣን፣ በዚህ ምርጫ፣ ራይት-ኢን ይፈቀዳል?
2. የተመዘገቡት ራይት-ኢን እጩዎች ዝርዝር አለ? የት ላየው?
3. የእኔ እጩ ስም በዝርዝሩ ላይ እንዴት ተጽፏል?

አስተርጓሚ ከፈለጉ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ቢሮዎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ዲሲ ውስጥ ይህ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የሰጠዎት መብት ነው፤ አማርኛ ሕጉ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

*ስልኩ ካልተነሳ፦* በምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት አይተማመኑ። ወደ ቢሮው ኢሜይል ይላኩ ወይም በአካል ይሂዱ። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ምንጩ ካውንቲው ወይም የግዛቱ የምርጫ ቢሮ ካልሆነ ይለፉት።

## ደረጃ 2፦ ስሙን በላቲን ፊደል፣ እንደተመዘገበው ይያዙ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚቸገረው እዚህ ነው።

ባሎት ላይ በግዕዝ ፊደል አይጻፉ። ቆጣሪዎቹ አያነቡትም፤ ያለዎት ዋስትና የላቲኑ ፊደል ብቻ ነው። የሐበሻ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል አንድ መልክ የለውም። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። ኃይለ ማርያም አንድ ቃልም ይሆናል፣ ሁለትም። እርስዎ በለመዱት መንገድ ሳይሆን እጩው በተመዘገበበት መንገድ ይጻፉ።

በሰፈር የሚጠራበትን ስምም አይጻፉ። ሁሉም ሰው «ጋሽ አበበ» ቢለውም ዝርዝሩ ላይ ያለው ሙሉ ስሙ ነው። የራሱንና የአባቱን ስም ይጻፉ። «ዶክተር»፣ «ፓስተር»፣ «አቶ» የሚሉ ማዕረጎችን ይተዉ። የራሱን ስም ብቻ ጽፎ መተውም አደገኛ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ እጩ ካለ ድምፁ የማን እንደሆነ አይለይም። በ2013 ማይክ ዱገን ለዲትሮይት ከንቲባነት በራይት-ኢን ሲወዳደር፣ ስሙ ከእሱ ስም ጋር በጣም የሚመሳሰል ሌላ ሰውም ተመዝግቦ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንድ ፊደል ለውጥ ያመጣል።

አንድ ፊደል ቢሳሳቱ ግን ተስፋ አይቁረጡ። በብዙ ግዛቶች መራጩ ማንን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ከሆነ ይቆጠራል። በ2010 ሊሳ መርካውስኪ አላስካ ውስጥ ለሴኔት ስትወዳደር ከ100,000 በላይ ሰው ስሟን ጻፈላት። የተቃዋሚዋ ወገን በፊደል ስህተት የተጻፉት ይጣሉ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ የፊደል ስህተት አያስጥልም አለ። እሷም አሸነፈች። ይህ ግን የመጨረሻ መጠለያዎ ይሁን። በትክክል የተጻፈ ስም ማንም አይከራከርበትም።

አሁን ይህን ያድርጉ፦

1. ስሙን ከካውንቲው ዝርዝር ላይ በትንሽ ነጭ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ፊደሎቹን በትልልቁ፣ ነጣጥለው ይጻፉ።
2. ከስሙ በላይ የሥልጣኑን ስም በእንግሊዝኛ፣ ባሎቱ ላይ እንዳለው ይጻፉ። የወረዳ ቁጥር ካለው እሱንም።
3. ቤት ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ጽፈው ይለማመዱ። እናትዎ ወይም አባትዎ ከሆኑ የሚመርጡት፣ አብረዋቸው ይለማመዱ።

ወረቀቷን ወደ ምርጫ ጣቢያ ይዘው መግባት በአብዛኛው ይፈቀዳል። ስልክዎ ላይ አያስቀምጡት። ቴክሳስን የመሰሉ ግዛቶች ጣቢያው ውስጥ ስልክ መጠቀም ይከለክላሉ። የእጩው ፎቶ ያለበት ካናቴራ፣ ባጅ ወይም ቅስቀሳ ወረቀት ይዘው ከገቡም ሊያስቆምዎት ይችላል። በእጅ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ትበቃለች።

## ደረጃ 3፦ በረጅሙ ባሎት ላይ ቦታውን አስቀድመው ያግኙ

የናሙና ባሎቱን ከካውንቲው ድረ ገጽ በራስዎ አድራሻ ያውጡ። የጎረቤትዎ ከእርስዎ ሊለይ ይችላል፤ የመንገድ ማዶ ሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ያትሙት።

ሂውስተን ያለበትን ሃሪስ ካውንቲን የሚያውቅ ሰው የዳኞቹ ዝርዝር ብቻ ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ እነዚህን ይፈልጉ፦

* ጀርባውን ይገልብጡ። የአካባቢ ሥልጣኖች ብዙ ጊዜ ከኋላ ወይም ሁለተኛው ወረቀት ላይ ናቸው።
* ሥልጣኑን ከርእሱ ያንብቡ። የካውንቲ ምክር ቤትና የከተማ ምክር ቤት ጎን ለጎን ሲሆኑ ይምታታሉ። ትክክለኛውን ስም በተሳሳተ ሥልጣን ስር ከጻፉ ድምፁ ጠፋ።
* ባዶውን መስመር ያግኙ። ከታተሙት ስሞች ሁሉ በታች፣ ከፊቱ ክብ ያለው ነው። እያንዳንዱ ሥልጣን የራሱ መስመር አለው። ከላይ ያለው መስመር የዚያኛው ይሁን የዚህኛው ካልለዩ ሣጥኑን የሚዘጋውን ወፍራም መስመር ይከተሉ።
* ስንት ሰው እንደሚመረጥ ይቁጠሩ። ርእሱ ስር «ከሦስት ያልበለጠ ይምረጡ» ዓይነት ጽሑፍ አለ። የሚጽፉት ስም ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ሦስት የታተሙ አጥቁረው አራተኛ ከጻፉ የዚያ ሥልጣን ድምፅዎ በሙሉ ይወድቃል።

በታተመው ናሙና ላይ ቦታውን በቀይ ያክብቡት። ቀዩ ለናሙናው ብቻ ነው።

የዲሲ ነዋሪ ከሆኑ በተለይ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ኤኤንሲ የሚባለውን የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ይመልከቱ። በከተማው 345 መቀመጫዎች አሉት። አንዳንዱ ላይ አንድም ስም አይታተምም። እዚያ ጥቂት ጎረቤቶች ተስማምተው የጻፉት ስም ወንበሩን ይይዛል። ለእኔ ራይት-ኢን ከሁሉም በላይ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። የሰፈሩ የመጠጥ ፈቃድና የግንባታ ጉዳይ ላይ አስተያየት የሚሰጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

## ደረጃ 4፦ እንግሊዝኛ ካስቸገረዎ ረዳት ይያዙ

በምርጫ ቋንቋ ላይ ያለው የፌዴራል ሕግ ባሎት እንዲተረጎም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። አማርኛ የለበትም። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ወረቀቱ በአማርኛ አይመጣም።

ግን ሌላ መብት አለዎት። በ1982 በድምፅ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረው አንቀጽ 208፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ያልቻለ መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የዕድር ወዳጅዎ ሊሆን ይችላል። የማይፈቀዱት ሁለት ናቸው፦ አሠሪዎና የሠራተኛ ማኅበርዎ ተወካይ።

ረዳቱ ስሙን ሊጽፍልዎት ይችላል። ማንን እንደሚመርጡ ግን ሊወስንልዎ አይችልም። ብዙ ቦታ ቅጽ ይፈርማል። ጣቢያው ላይ «ልጅዎ አይገባም» ከተባሉ በትሕትና «አንቀጽ 208» ይበሉና ኃላፊውን ይጠሩ።

## ደረጃ 5፦ ባሎቱን መሙላት

ጣቢያ ሲደርሱ የራይት-ኢኑን ሥልጣን መጀመሪያ ይሙሉ። ረጅም ባሎት ያደክማል። እስከ ታች ደርሰው ሲመለሱ ሳያስቡት የታተመ ስም አጥቁረው ሊያገኙት ይችላሉ።

### ወረቀት ከሆነ

1. ጣቢያው የሰጠዎትን እስክሪብቶ ይጠቀሙ። በፖስታ ከሆነ ጥቁር እስክሪብቶ ይያዙ።
2. በናሙናው ላይ ያከበቡትን ሥልጣን ያግኙ። ርእሱን እንደገና ያንብቡ።
3. ከባዶው መስመር አጠገብ ያለችውን ክብ ሙሉ በሙሉ ያጥቁሩ። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ማጥቆር ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ እንደዚያ ነው። ምልክት፣ ኤክስ ወይም ጭረት አይበቃም።
4. ከወረቀቷ እየገለበጡ ስሙን በመስመሩ ላይ ይጻፉ። ከመስመሩ አይውጡ። ወደ ሌላ ክብ ከተሻገረ ማሽኑ እንደ ሌላ ድምፅ ሊያየው ይችላል።
5. በዚያ ሥልጣን ስር አንድ ሰው ብቻ የሚመረጥ ከሆነ ሌላ ምንም አያጥቁሩ። ስሙ ከላይ ታትሞ ከሆነ ደግሞ የታተመውን ብቻ ያጥቁሩ፤ አይድገሙት።
6. ወደ ሌሎቹ ሥልጣኖች ይለፉ። የማያውቁትን ባዶ መተው ይችላሉ፤ የሌላው ድምፅ አይበላሽም።

ፊርማዎን፣ የራስዎን ስም ወይም «እግዚአብሔር ይርዳህ» ዓይነት ማስታወሻ ባሎቱ ላይ አይጻፉ። መራጩን የሚያሳውቅ ምልክት ወረቀቱን ሊያስጥለው ይችላል።

እጩው ማኅተም ወይም ተለጣፊ ወረቀት ሰጥቶዎት ከሆነ ሳይጠይቁ አይጠቀሙ። በ2021 ቡፋሎ ውስጥ በራይት-ኢን ለከንቲባነት የተወዳደረው የባይረን ብራውን ደጋፊዎች ስሙን በማኅተም መትተዋል፤ የኒውዮርክ ሕግ ስለፈቀደ ተቆጠረ። ሌላ ቦታ ያው ነገር ሊያስጥልዎት ይችላል፤ ተለጣፊ ደግሞ ስካነሩን (ባሎት የሚያነበውን ማሽን) ሊያደናቅፍ ይችላል።

ሚሺጋን፣ አላባማና ሌሎች ጥቂት ግዛቶች ላይ አንድ ክብ አጥቁሮ የፓርቲውን እጩዎች በሙሉ መምረጥ ይቻላል። እሱን ካጠቆሩ ራይት-ኢን የሚጽፉበትን ሥልጣን ለየብቻ መሙላትዎን አይርሱ። ለእኔ ግን በእንዲህ ያለ ቀን ያንን ክብ ትቶ አንድ በአንድ መሙላት ይሻላል።

### ስክሪን ከሆነ

1. ወደ ሥልጣኑ ይሂዱ። ስሞቹ ከአንድ ገጽ ካለፉ «ቀጣይ» የሚለውን ሳይሆን በዚያው ሥልጣን ውስጥ ወደ ታች የሚያወርደውን ይንኩ።
2. «ራይት-ኢን» የሚለውን ይንኩ። የፊደል ሰሌዳ ይመጣል።
3. ስሙን ይተይቡ፣ አንብበው ያጽድቁት። ሳያጸድቁ ከወጡ ስሙ አይያዝም።
4. ወረቀት የሚያትም ማሽን ከሆነ የታተመውን ያንብቡ። የእጩው ስም ከሥልጣኑ ጎን ካልታየ ለስካነሩ አይስጡት።

### በደረጃ የሚመረጥበት ከሆነ

እንደ ሚኒያፖሊስ ባሉ ከተሞች እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ይመርጣሉ። እዚህ ስሙን ሲጽፉ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ያጣሩ። አንደኛ ምርጫዎ ከሆነ የአንደኛውን ክብ ያጥቁሩ። በአንድ ደረጃ ላይ ከአንድ ሰው በላይ አያጥቁሩ።

## ደረጃ 6፦ ከማስገባትዎ በፊት ይመልከቱ

ከወረቀቱ ሳይነሡ በጣትዎ እየጠቆሙ ይሂዱ። ሥልጣኑ ትክክል ነው? ክቧ ጠቁራለች? ስሙ ይነበባል? ሌላ ክብ በስህተት ተነክቷል? ጀርባው ተገልብጧል?

ስካነሩ ጮኾ ወይም ጽሑፍ አውጥቶ ወረቀቱን ከመለሰ «እሺ» ብለው አይለፉት። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሥልጣን ከሚፈቀደው በላይ መርጠዋል ማለቱ ነው። «አስገባ» ካሉት የዚያ ሥልጣን ድምፅ ይቀራል። ወረቀቱን መልሰው ይውሰዱ።

## ችግር ሲፈጠር

ስሙን ተሳሳትኩ ወይም ሌላ ክብ አጠቆርኩ። አይሰርዙ፣ ነጭ ቀለም አይቀቡ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ሠራተኛው ይሂዱና «አዲስ ባሎት» ይበሉ። የተበላሸውን ይሰርዙታል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ውስጥ በጠቅላላው እስከ ሦስት ወረቀት መውሰድ ይችላሉ። ስካነሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

ክብ አጥቁሬ ስም አልጻፍኩም። ሐሳብዎን ቀይረው የታተመ ስም ካጠቆሩ ማሽኑ ሁለት ድምፅ ያያል። አዲስ ወረቀት ይጠይቁ።

የመጻፊያ መስመር የለም። ሁለተኛ ወረቀት እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ ለዚያ ሥልጣን አይፈቀድ ይሆናል። ባዶ ቦታ ላይ አይጻፉ።

ሠራተኛው የእጩውን ስም አልነግርም አለኝ። ብዙ ቦታ ስም እንዲጠቁም አይፈቀድለትም። «የተመዘገቡ ራይት-ኢን እጩዎች ዝርዝር» ብለው ይጠይቁ። ቴክሳስና ጆርጂያ ዝርዝሩን ጣቢያው ላይ ይለጥፋሉ።

ሰልፉ ረዝሞ ሰዓቱ አለፈ። ጣቢያው ሳይዘጋ ሰልፍ ውስጥ ከነበሩ የመምረጥ መብት አለዎት። ከሰልፉ አይውጡ።

## በፖስታ የሚመርጡ ከሆነ

በፖስታ ሲመርጡ ስህተትዎን የሚነግርዎ ስካነር የለም። ከሚፈቀደው በላይ ቢያጠቁሩ ማንም አይመልስልዎትም። ስለዚህ ደረጃ 6ን ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዱን በማግስቱ።

ከተሳሳቱ አብሮት የመጣውን መመሪያ ያንብቡ። አንዳንድ ካውንቲ እንዴት እንደሚታረም በሥዕል ያሳያል። ካላሳየ ደውለው ምትክ ይጠይቁ። ለምትኩ ጊዜ ከሌለ ያልላኩትን ባሎት ከነፖስታው ይዘው ወደ ጣቢያ ይሂዱ። በብዙ ግዛቶች እሱን አስረክበው እዚያው መምረጥ ይችላሉ። ሳይዙ ከሄዱ ጊዜያዊ ባሎት ሊሰጥዎት ይችላል፤ እሱ እስኪጣራ ይዘገያል።

የምሥጢር ፖስታ (ባሎቱ ብቻ የሚገባበት የውስጥ ፖስታ) ካለው ባሎቱን መጀመሪያ እሱ ውስጥ ያስገቡ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ ምሥጢር ፖስታ የተላከ ባሎት አይቆጠርም። የውጪውን ፖስታ ይፈርሙ፤ ቀን ከጠየቀ የዕለቱን ቀን በፈረንጆቹ ይጻፉ። ፊርማዎ መራጭ ሆነው ሲመዘገቡ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ከፈረሙት ጋር ይመሳሰል። ያኔ በአማርኛ ፈርመው ከነበረ አሁንም በአማርኛ ይፈርሙ።

ከተቻለ ወደ ካውንቲው የመሰብሰቢያ ሣጥን ራስዎ ይውሰዱት። ፖስታ ቤት ከሆነ ከአንድ ሳምንት በላይ ቀደም ይበሉ። ከዚያ የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ መድረሱን ይከታተሉ። «ፊርማ አልተዛመደም» የሚል ደብዳቤ ወይም መልእክት ከመጣ በዚያው ቀን ይመልሱ፤ ለማስተካከል የሚሰጡት ቀን ጥቂት ነው።

የተጻፉ ስሞች ብዙ ቦታ በሰው እጅ ስለሚታዩ በምርጫው ማታ ቴሌቪዥን ላይ የእጩዎን ስም ላያዩ ይችላሉ። «ራይት-ኢን» ተብሎ በጅምላ ብቻ ይወጣል። በስም ተለይቶ የሚገለጸውን ከምርጫ ቢሮው የመጨረሻ ውጤት ላይ ይፈልጉ።